ባለፋኖሷ ልጅ በነገሌው ጌም ቤቴ

ጌም ቤቴን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዬ ካስረከብኩ ወዲህ እንቅልፌ ተስተካክሏል። መብራት ይጠፋ ይሆን፣ ጄኔሬተሩ እምቢ ይል ይሆን፣ ጆይስቲክ ተሰብሮ ይጠብቀኝ ይሆን እያልኩ መባነን ቀርቷል። ጠዋት ስነሣ የሚያመኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች "እማማ ብርቄ፣ ያን ሁሉ ዘመን የለፉበትን ቤት ሲዘጉ አልከፋዎትም?" ይሉኛል። አልከፋኝም። ይከፋኝ የነበረው ውሃው ሳይመለስ ዘግቼ ቢሆን ነበር።

የምን ውሃ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልጀምር። ወሬዬ እንደ እግሬ ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ታገሡኝ።

እኔ የወታደር ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ነገሌ ጦር ሰፈር ገባ፣ እኔም እዚያው ተወለድኩ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ኦሮምኛውን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስንፈጭ አብሮ ገባ። ያገባሁትም ወታደር ነበር። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ጦሩ ተበተነና ባለቤቴ መለዮውን አውልቆ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ወንድ እንዴት እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ እኔ ወጣሁ። ከሞያሌ ልባሽ ጨርቅ እያመጣሁ በየገበያው መዞር ጀመርኩ፤ ዛሬ ነገሌ፣ ነገ ወደራ፣ ሲለኝ ደግሞ አሬሮ። ጭነት ላይ መቀመጥ ለምዶብኝ እስከ ዛሬ ደህና ወንበር ላይ ሲያስቀምጡኝ ወገቤ እምቢ ይለኛል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከልባሹ ጋር አንድ ቴሌቪዥን ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ አንገላቶት ኖሮ ቤት ስንሰካው ድምፅ እንጂ ምስል የለውም። ጋሽ ተካን ያወቅኋቸው በዚህ ነው።

ጋሽ ተካ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። የሰው ዕቃ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ታጥበውም አይቸኩሉም። መጀመሪያ ጆሯቸውን ዕቃው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ተበላሽቷል" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ "ደክሞታል" ነው የሚሉት። የሚፈቱትን ብሎን ሁሉ ሰሃን ላይ ያስቀምጣሉ፣ አቀማመጡም ዕቃው ላይ እንደነበረው ነው፤ የላዩ ከላይ፣ የግራው በግራ። አንድ ቀን አንዲት ሚጢጢ ብሎን ተርፋ አየሁና "ጋሼ፣ ይቺ ብትቀርስ? ያለሷም ይዟል" አልኳቸው።

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ብርቄ፣ ሠሪው ያለ ምክንያት አላስቀመጣትም" አሉና ሁሉንም እንደገና ፈቱት።

እኔ ከዚያ ሰውዬ የተማርኩት ሥራ ይሄው ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው። ቴሌቪዥኑ ዳነ፣ እኔም ቪዲዮ ቤት ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቶ ከሞያሌ የጌም ማሽን መጣ። ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ጸሐፊው "ይሄ ምን ዘርፍ ነው? ሲኒማ ነው ወይስ ቁማር?" ብሎኝ ነበር። "ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ነው" ስለው ስፖርት ብሎ ጻፈው። ገቢዬ ቤት አስተዳድሮልኛል፤ ከዚያ በላይ አልናገርም።

የነገሌ ቀይ አቧራ የማሽን ጠላት ነው። ዲስኩን በጥጥ ከመሐል ወደ ዳር መጥረግ፣ ማሽኑን በእርጥብ ጨርቅ ሳይሆን በደረቅ መሸፈን፣ ቀይ ቢጫና ነጩን ገመድ ሲነቅሉ ገመዱን ሳይሆን አንገቱን መያዝ፣ ይሄን ሁሉ ያሳዩኝ ጋሽ ተካ ናቸው። ማሽኑ አርጅቶ ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው በጀርባው ገልብጠው አስቀመጡት፤ ተገልብጦ አነበበ። "እሱም እንደኔ ነው፣ ሲተኛ ነው የሚሻለው" አሉ።

ደንበኛው ሁሉ የሚመጣው ለኳስ ነበር። ባለፋኖሷ ያልናት ጌም የመጣችው ሳትፈለግ ነው፣ ከኳሶቹ ዲስክ መሐል ተሰንቅራ። ሽፋን የላትም። ከላይዋ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም በላብ ተለቅልቆ ጠፍቷል። ስናስገባት ምሽት የሚመስል ሰማይ፣ የደረቀ የድንጋይ ከተማ፣ የደረቀ ምንጭ፣ ምንጩ አፍ ላይ ደግሞ ፋኖስ የያዘች አንዲት ልጅ ቆማ አየን። ከታች ጽሑፍ ይመጣል፤ ማንም አያነበውም። አንድ አስተማሪ ጠርተን አሳየነው፣ "እንግሊዝኛ አይደለም፣ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅም" ብሎን ሄደ። ታሪኩ ግን ለኛ አገር ሰው ትርጉም አላስፈለገውም። ውሃ ጠፍቷል፣ ልጅቷ ልትፈልግ ወጥታለች። ይሄን የማይረዳ ሰው ቆላ ውስጥ የለም።

ኳሱን ሲጠብቁ የነበሩት ቆመው ቀሩ። ጋሽ ተካም ሱቃቸውን ዘግተው እየመጡ እንደ አናጢ ነበር የሚያዩአት። "እዩት፣ አሸዋ ላይ ስትሄድ ኮቴዋ አንድ ነው፣ ድንጋይ ላይ ሌላ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄን ለይቷል" ይላሉ። ዓለት ላይ የቆመች አንዲት ፍየል ነበረች፤ ልጅቷ ስታልፍ አንገቷን አዙራ ታያታለች። "ይሄን የሠራ ሰው ፍየል ያውቃል" አሉ።

"ጡት ግን የላትም" አለች ሎኮ። "ፍየል ቢያውቅ ጡቷን ይረሳ ነበር?"

ሎኮ ወተት ሻጭ ናት። ያኔ ገና ያገባች ሰሞን ነበረች፤ ዛሬ ልጆቿን ድራለች። ወተቷን ገበያ ሸጣ፣ ባዶ ጀሪካኖቿን በሬ ላይ ደርድራ፣ መመለሻ መኪናዋ እስኪሞላ እኔ ቤት ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን "አዮ፣ እስቲ አምጪው" ብላ ጆይስቲኩን ወሰደች፤ አዮ እናቴ እንደማለት ነው። ኳስ የለመዱት ጎረምሶች ሳቁ። "ላም ማለብ መሰለሽ?" አላት አንዱ።

"ላም አልበህ ታውቃለህ?" አለችው ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል። "ጣቱ የማያውቅ ሰው ወተት ሳይሆን እርግጫ ነው የሚጠጣው።" የተሰባበረውን ድልድይ፣ እነሱ ሲወድቁበት የዋሉትን፣ አሻገረቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባለፋኖሷ ዋናዋ ሎኮ ሆነች።

በበጋ ማሽኑን በፍራሽ ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ እጭንና አሬሮ እወርዳለሁ፤ የከብት ገበያው ሲደራ ሰው ይበዛል። እዚያ አንድ ችግር ገጠመኝ፤ ተራ። ሁሉም ጆይስቲኩን ይፈልጋል፣ ግፊያው ቴሌቪዥኑን ሊጥልብኝ ሆነ። ያዳኑኝ አባ ጃርሶ ናቸው። እሳቸው በኤላው፣ በትልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ አባ ሄሬጋ ነበሩ። አባ ሄሬጋ ማለት የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን፣ ተራ የሚያስከብር ሰው ነው። በትራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና "እዚህም ውሃ ነው የሚፈለገው፣ ሕጉ የኤላ ሕግ ነው" አሉ። ሕጋቸው አጭር ነበር። ተራህ ሲደርስ ትሠራለህ፤ ቆመህ ካሰብክ ተራህ ያልፋል። ኤላ ውስጥ ባልዲ ይዞ የሚቆም ሰው ከብት ያስጠማልና። ሁሉም እሺ አለ። ሕጉን ወድጄው ነገሌም ይዤው ገባሁ።

የከበደው ነገር የደረሰብኝም አሬሮ ነው። ሎኮና የነገሌ ሰው ያደረሷትን ልጅ አሬሮዎች ተቀብለው፣ ስንት ገበያ ለፍተው፣ ሦስተኛው ድልድይ ላይ አድርሰዋታል። የደረስንበት ሁሉ የሚቀመጠው ሚሞሪ በምንላት ጣት በምታክል ዕቃ ነው። ጄኔሬተሩን ከጎረቤቴ ከፀጉር ቆራጩ ጋር እንጋራ ነበር። አንድ ቀን እሱ ምን እንደሰካ እንጃ፣ ጄኔሬተሩ ጮኸ፣ ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆነ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ዘልዬ ነቀልኩ። ዘግይቻለሁ።

ማሽኑን ታቅፌ ነገሌ ስገባ ጋሽ ተካ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጆሯቸውን ለጠፉ። ከሌላ ሁለት አሮጌ ማሽን ዕቃ አውጥተው ማሽኑን አስነሡልኝ። ሚሞሪዋን ግን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደቆዩ ቀሩ።

"ደክሟታል?" አልኳቸው።

"የለም ብርቄ" አሉ። "ይቺስ ሞታለች።" ያን ቃል ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሬሮ ተመልሼ ስነግራቸው ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ። ፀጉር ቆራጩ አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ቆመ፤ ማንም አልሰደበውም፣ ያ ባሰበት። አባ ጃርሶ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። "ኤላ ሲናድ ምን ይደረጋል?" አሉ።

"ይቆፈራል" አለ ሰው።

"እንግዲያው ቆፍሩ።"

ሌላ ሚሞሪ ተገኝቶ ከመጀመሪያው ጀመርን። ያኔ ነው ጉዱን ያየሁት። የመጀመሪያውን በር አንዱ ያስታውሳል፣ የእባቡን ዋሻ ሌላው፣ የድንጋዩን ቁልፍ አዟዟር አንዲት አሮጊት። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ መንገድ ይዟል። ተጫዋቹ እየሄደ ከኋላው "ግራ! አሁን ዝቅ በል! ፍየሏን እለፋት!" ይሉታል፣ ኤላ ውስጥ ተሰልፈው ባልዲ ሲቀባበሉ እንደሚያዜሙት አድርገው። ስንት ወር የፈጀው መንገድ በጥቂት ገበያ አለቀ። ኳሱ በየዓመቱ ያረጅብኝ ነበር፣ የተጫዋቾቹ ስም ተለውጧል እያሉ አዲስ ያስገዙኛል። ባለፋኖሷ ግን ያላረጀችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መንገዷ ሰው ውስጥ ገብቷል።

ከሦስተኛው ድልድይ በኋላ ያለውን የነገሌ ሰው ቀጠለበት። እዚያ ነው ተጣብቀን የቀረነው።

ልጅቷ ውሃው የጠፋበት ዋሻ አፍ ላይ ስትደርስ የፋኖሷ ዘይት ያልቃል። ያለ ብርሃን ስትገባ ትወድቃለች። አጠገቡ አንዲት ጎጆ አለች። ገብተን ስናይ ምድጃ ዳር አንዲት አሮጊት ተኝታለች፣ ግድግዳው ሥር ሦስት እንስራ ተደርድሯል። ሌላ የለም። ሜዳ ላይ፣ ፍርስራሽ ውስጥ ያገኘነውን እንስራ ሁሉ ስንሰብር ነው የመጣነው፤ የጨዋታው ፀባይ ያ ነው። ይሄ ግን ባለቤቷ የተኛችበት ቤት ነው።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እንግዳ ነው፣ ተራው ደረሰና ልጅቷን ቀጥታ ወደ እንስራው ወሰዳት። ቤቱ በአንድ አፍ ጮኸ። ሎኮ ጆይስቲኩን ከእጁ ነጠቀችው።

"እናትህ ቤትም እንዲህ ትበረብራለህ?"

"ሴትዮ፣ ጌም እኮ ነው!"

"ጌም ቢሆንስ? ተኝታለች እኮ!"

ሹፌሩ ወደኔ ዞረ። "እማማ፣ እርስዎ ያስረዷት እንጂ!"

"ልጄ፣ እኔም ብሆን ዓይኔ እያየ አላስበረብርም" አልኩት። እየሳቀ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንስራውን ሊነካ የሞከረ የለም። እየገቡ ምድጃውን ያያሉ፣ አሮጊቷን ያያሉ፣ ተራ እንዳያልፍ ተጣድፈው ይወጣሉ፤ ዋሻውን ይዞራሉ፣ ይወድቃሉ። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ። ስሟን ስለማናውቅ ስልክ የያዙ ልጆችም ፈልገው አላገኟትም። ጋሽ ተካ በመጡ ቁጥር ሰላምታቸው "ውሃው ተመለሰ?" ሆነ። እኔም "አልተመለሰም ጋሼ፣ ግን ሳይመለስ ይቺን ቤት አልዘጋም" እላቸው ነበር። እንዲሁ የተባለ ነገር ነው፣ ግን እየዋለ ሲያድር እንደ ቃል ኪዳን አሠረኝ።

ከዚያ ስልክ ሁሉንም ወሰደው። ጎረምሳው ኪሱ ውስጥ ኳስ ይዞ ይዞራል፤ እኔ ጋ ምን ሊያደርግ ይመጣል? የቤቱም ባለቤት ሊያፈርሰው ፈለገ። ወደራ ሆቴል ያለው አንድ ሰው ቴሌቪዥኑንም ማሽኑንም ሊገዛ ተስማማን፣ ከምሳ በኋላ መጥቶ ሊጭን። በዚያው ሰሞን የጋሽ ተካ ዓይን ፈጽሞ ደከመ፣ ልጃቸውም ሐዋሳ ሊወስዳቸው ነው ተባለ። የቃሌ ጊዜ በሁለት በኩል እያለቀ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ሎኮ ጠዋት መጣች። ጋሽ ተካን በባጃጅ አምጥቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ማየቱ ቢቀር ኮቴዋን ይሰማሉ። "አሸዋ ነው... አሁን ድንጋይ... ጎጆው ጋ ደረሰች" ይሉ ነበር ዓይናቸውን ጨፍነው። ሎኮ ዋሻውን እንደገና ዞረች፣ እንደገና ወደቀች። እኔ ገመዶች እየጠቀለልኩ ሰዓቱን በጥላ እለካለሁ።

"አዮ" አለች ሎኮ፣ "እንስራውን ላንሳው?" ድምጿ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ወደ ጋሽ ተካ ዞርኩ። ሎኮ ልጅቷን ጎጆው ውስጥ አስገብታ፣ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቀናለች።

በሩ ጨለመ። አባ ጃርሶ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ነገሌ መጥተው፣ ልዘጋ መሆኑን ገበያ ሰምተው ኖሯል።

"ናጋ?" አሉ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

ሎኮ ጆይስቲኩን መሬት አስቀምጣ ተነሣች። ሌላ ምን ልታደርግ? ሽማግሌ ሰላም እያላት ጨዋታ ልትጨርስ ነው?

"ናጋ" አለች።

"ወሪ ናጋ?" ቤተሰቡ።

"ናጋ።"

"ሎን ናጋ?" ከብቱ።

"ናጋ።"

ዝናቡን፣ ሳሩን፣ የዳረቻቸውን ልጆች፣ የልጅ ልጆቹን፣ የአማቿን ጉልበት። ከዚያ እሷ በተራዋ የሳቸውን። ከዚያ እኔን፣ የሟቹን ባለቤቴን ዘመዶች ሁሉ አንድ በአንድ። ከዚያ ጋሽ ተካን፤ ጋሽ ተካ ኦሮምኛቸው ሰባራ ነው፣ ግን አንዲት ሰላምታ አይዘሉም። ያን ቀን ተራ የሚጠብቅ ሰው የለ፣ "ቆምክ፣ አለፈህ" የሚል የለ። ጆይስቲኩ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ጋሽ ተካ ድንገት እጃቸውን አነሡ። "ቆይ። የምን ድምፅ ነው?"

ዞር አልን። ልጅቷ ሳያዟት በራሷ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላለች። ፋኖሷን እግሯ ሥር አድርጋለች። አሮጊቷ ተነሥታለች። ጉልበቷን ይዛ፣ ልክ እንደኔ፣ እያቃሰተች ወደ እንስራው ሄደች። መሐለኛውን ከፈተች። ዘይት በጭልፋ ቀድታ የልጅቷን ፋኖስ ሞላችላት።

ሎኮ አፏን በእጇ ያዘች። "ሰጠቻት! አዮ፣ ራሷ ሰጠቻት!"

"ምን ሆነ? ንገሩኝ እንጂ!" ይላሉ ጋሽ ተካ።

"ቁጭ ብላ ስትጠብቃት ነቃችና ዘይት ሰጠቻት፣ ጋሼ።"

ፊታቸው ሁሉ ሳቀ። "ያ ሠሪ" አሉ፣ "የማይሰርቅ ሰው ይመጣል ብሎ አስቧል ማለት ነው።"

አባ ጃርሶ ነገሩ ሲገባቸው በበትራቸው መሬት መቱ። "ያ የኔ ሕግ ነዋ ያቆያችሁ! ሮጣችሁ ውጡ የሚለው!"

"እርስዎ ያቆዩንን እርስዎ ጨረሱልን" አለቻቸው ሎኮ፤ ጣቶቿ ሥራ ላይ ናቸው።

ዋሻው ረጅም ነበር። ገዢው መኪናውን አቁሞ ገባ፣ ሊናገር አፉን ሲከፍት አባ ጃርሶ በእጃቸው ብቻ ከልክለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ልጅቷ ወረደች፣ ወረደች። ፋኖሷ የግድግዳውን ድንጋይ አንድ በአንድ ያበራል። ከታች ትልቅ መዝጊያ አለ። ሎኮ ሁለት ጊዜ ስታው በሦስተኛው አዞረችው። ምስሉ ጨለመ። እኔ አሬሮ ታየኝ፣ የተቃጠለው ላስቲክ ሸተተኝ።

ቀድመው የሰሙት ጋሽ ተካ ናቸው። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ለጠፉ፣ እንደ ዱሮው።

"ውሃ ነው" አሉ። "ብርቄ፣ ውሃ ነው።"

ከዚያ ምስሉ መጣ። በደረቀው ከተማ፣ በየቦዩ፣ በየድንጋዩ መሐል ይወርዳል። ምንጩ ሞላ። ያቺ ጡት የሌላት ፍየል ከዓለቷ ወርዳ ስትጠጣ አየን። አባ ጃርሶ "ከብት ቀደመ፣ ደግ ነው" አሉ። ሃያ ዓመት ትከሻዬ ላይ ምን ተሸክሜ እንደኖርኩ የገባኝ ሲወርድልኝ ነው።

ከውሃው በኋላ ጽሑፍ ከሥር ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር። ገዢው "ይሄ የሠሩት ሰዎች ስም ነው፣ በቃ አልቋል" ብሎ ሊነሣ ሲል አባ ጃርሶ ለሚወጣው መስመር "ናጋ" አሉ። ሌላ መጣ። "ናጋ።"

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አላቸው ገዢው።

"ስሙን ነገረኝ እኮ" አሉ። "ዝም ልበለው?"

ሎኮም ጀመረች። እኔም። ለማናነበው ስም ሁሉ፣ ያቺን ፍየል ላዞረው፣ ኮቴውን ለለየው፣ አሮጊቷን ላስነሣት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ።

ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ብዙ ናቸው?" አሉኝ።

"ገና እየመጡ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ገመዱን አትንቀይ" አሉ። "ሰዎቹ ገብተው ይጨርሱ።"